«14,350 ብር አለሽ ተባልኩ፤ ለማውጣት ግን 5,500 ክፈይ አሉኝ»

ጥያቄ፦

ውድ አማካሪያችን፣ ጤና ይስጥልኝ። የ46 ዓመት ሴትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ ሐኪሜ በየቀኑ እንድራመድ ስላዘዘኝ ጠዋት ጠዋት ከኮተቤ እስከ መገናኛ በእግሬ እሄዳለሁ። ይህንን የሚያውቀው የእህቴ ልጅ ከሦስት ወር በፊት «አክስቴ፣ መራመድሽ ካልቀረ ለምን ገንዘብ አታገኚበትም?» አለኝና እርምጃ እየቆጠረ የሚከፍል መተግበሪያ በቴሌግራም በተላከለት ሊንክ ስልኬ ላይ ጫነልኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ስልክ ላይ ብቻ የሚታይ የጫማ ሥዕል ይገዛል። እኔ በ1,200 ብር የገዛሁት ጫማ በቀን 6,000 እርምጃ ስሄድ 60 ብር ያስመዘግብልኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት 180 ብር ላውጣ ብዬ ስሞክር ወዲያው በቴሌብር ገባልኝ። ከዚህ በኋላ ልቤ ስላመነ በ4,800 ብር ከፍ ያለውን፣ በቀን 240 ብር የሚያስገኘውን ጫማ ገዛሁ። ሰው ለሚያስገባ ኮሚሽን ስለሚታሰብለትም ከሥራ ባልደረቦቼና ከማኅበር እህቶቼ መካከል ሰባት ሰዎች አስገባሁ።

አሁን መተግበሪያው 14,350 ብር አለሽ ይለኛል። ነገር ግን «ማውጣት» የሚለውን ስነካ «ሒሳብዎን ለማረጋገጥና ወደ ደረጃ ሦስት ለማደግ 5,500 ብር ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የቴሌግራም ግሩፑ አስተዳዳሪም እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልኩ ሒሳቤ እንደሚዘጋ ጽፎልኛል። የዕቁብ ተራዬ ስለደረሰ ከእሱ ላይ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለቤቴ የሚያውቀው ነገር የለም። ካስገባኋቸው መካከል ሁለቱ «ላንቺ ወጣልሽ?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም «በሂደት ላይ ነው» እያልኩ እሸሻለሁ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ ነው፤ ለክፋት እንዳላደረገው ስለማውቅ እንዳላስቀይመው እፈራለሁ። ለመሆኑ በመራመድ ገንዘብ እንከፍላለን የሚሉ መተግበሪያዎች ይታመናሉ? ብከፍልስ ገንዘቤ ይወጣልኝ ይሆን?

ወ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ እህቴ ወ.፣

ከሁለቱ ጥያቄዎችዎ ጊዜ የማይሰጠው ሁለተኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እባክዎን 5,500 ብሩን አይክፈሉ። ከዕቁቡም፣ ከደመወዝዎም፣ ተበድረውም ቢሆን አይክፈሉ። 14,350 ብሩ በእርግጥ የእርስዎ ሆኖ አንድ ቦታ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ የተጠየቀውን 5,500 ብር ከእሱ ላይ ቀንሶ ቀሪውን 8,850 ብር ማስረከብ ለማንም አይከብድም ነበር። ይህንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለግሩፑ አስተዳዳሪ ጽፈው ይላኩለት፦ «ክፍያውን ካለኝ ሒሳብ ላይ ቀንሳችሁ ቀሪውን ላኩልኝ።» «ሲስተሙ አይፈቅድም» ወይም «መጀመሪያ ከውጭ መግባት አለበት» የሚል ምላሽ ካገኙ፣ ስልክዎ ላይ የሚታየው 14,350 የተጻፈ ቁጥር እንጂ የተቀመጠ ገንዘብ አለመሆኑን ከራሳቸው አንደበት ሰሙ ማለት ነው።

ቢከፍሉ ምን ይከተላል ብለው ከጠየቁኝ፣ በዚህ ዓይነት አሠራር 5,500ው የመጨረሻው ክፍያ ሆኖ አያውቅም። ቀጥሎ የሚመጣው ግብር ይባላል፤ ከዚያ የዝውውር ክፍያ ይባላል፤ ከዚያም የስምዎ አጻጻፍ ከቴሌብሩ ስም ጋር ስላልገጠመ ሒሳቡ ታግዷል ይባልና ማስከፈቻ ይጠየቅበታል። እያንዳንዱ ክፍያ ከእሱ በፊት የተከፈለውን ላለማጣት ሲባል የሚከፈል ስለሚሆን ሰው መውጫው ይጠፋዋል። እርስዎ ዛሬ ያሉት ለማቆም ከሁሉ በሚቀልበት ቦታ ላይ ነው፤ እስካሁን የወጣብዎት 6,000 ብር ነው፤ ከዚያም 180ው ተመልሶልዎታል። በአንድ ትምህርት ቤት ሠራተኛ ኪስ ላይ ይህ ትንሽ ገንዘብ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በእሱ ላይ 5,500 መጨመር ጉዳቱን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል እንጂ አያስመልሰውም።

ደብዳቤዎን ሳነብ ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ራስዎን የሚወቅሱበት መንገድ ነው። እርስዎ ግን ያላዩትን ነገር ዓይንዎን ጨፍነው አልገዙም፤ አስቀድመው 180 ብር አውጥተው ፈትነዋል። ይህ ማንኛውም አስተዋይ ሰው የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው፤ ችግሩ ይህንን ጥንቃቄ እነሱም ስለሚያውቁት አስቀድመው የተዘጋጁበት መሆኑ ነው። የመጀመሪያዋ ትንሽ ክፍያ ወዲያው የምትገባው ሰው በእሷ ተማምኖ ትልቁን ገንዘብ እንዲያስገባና ዘመድ ወዳጁን እንዲጋብዝ ነው። የተከፈልዎት 180 ብር ደግሞ እርስዎ ካስገቡት 1,200 ላይ ቢሰጥዎትም እነሱን አንዳች አያጎድላቸውም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቀላል ሥራ በስልክ እየሠራችሁ ትከፈላላችሁ በሚል ስለሚፈጸም ማጭበርበር ያወጣው ማስጠንቀቂያ የሚገልጸው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ትንሽ ክፍያ፣ ከዚያ በስልክ ላይ የሚያድግ ሒሳብ፣ በመጨረሻም ያንን ለማውጣት የሚጠየቅ ተቀማጭ። ለኮሚሽኑ በ2023 እ.ኤ.አ. በሙሉ 5,000 ያህል አቤቱታ ቀርቦ ሳለ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻ ቁጥሩ ወደ 20,000 ገደማ ደርሷል። ባንክና ፍርድ ቤት በቅርባቸው ያለላቸው ሰዎች በዚህ መጠን የተያዙበት ነገር በመሆኑ፣ እርስዎ ላይ ስለደረሰ ሞኝ ነኝ ሊሉ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። በመራመድ እንከፍላለን የሚሉ መተግበሪያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ለመለየት የሚረዳውም «ገንዘቡ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የእርስዎ እርምጃ ለእርስዎ ጤና እንጂ ለሌላ ሰው ዳቦ አይሆንም፤ ስለዚህ ለእርምጃው የሚከፈል ብር ካለ ሌላ የሚሸጥ ነገር የግድ ከኋላው መኖር አለበት።

አንደኛው ዓይነት የሚሸጠው የእርስዎን ዓይንና የእርስዎን መረጃ ነው። መተግበሪያው ማስታወቂያ ያሳያል፤ የአጋር ድርጅቶችን ዕቃ በቅናሽ ያቀርባል፤ ከዚያ ከሚያገኘው ላይ ቁራሹን ለተጠቃሚው ይመልሳል። በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ስዌትኮይን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ለ1,000 እርምጃ አንድ የራሱን ነጥብ ያህል ይሰጣል፤ ነጥቡ ግን እንደ ብር ቀጥታ ኪስ የሚገባ ሳይሆን በዋናነት ቅናሽና የአጋር ድርጅቶች ስጦታ ላይ የሚውል ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. እንደ ቢትኮይን በገበያ የሚሸጥ ሌላ የዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) ሳንቲም ሲያወጣም፣ ያ ሳንቲም በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛውን ዋጋውን አጥቷል። በፈረንሳይ የተጀመረው ዊዋርድም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ ቻሪቲ ማይልስ የሚባለው ደግሞ ለተራማጁ ሳይሆን ተራማጁ ለመረጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው የሚሰጠው። እነዚህ እውነተኛ መተግበሪያዎች ናቸው፤ ለመራመድም ማንም አስቀድሞ እንዲከፍል አያስገድዱም። ነገር ግን የሚሰጡት በጣም ጥቂት ነው፤ ማስታወቂያ አሳይቶ ከአንድ ሰው ላይ የሚገኘው ገቢ በራሱ ጥቂት ስለሆነ ሊበዛ አይችልም። በቀን 240 ብር ከዚህ ምንጭ አይፈልቅም።

ከዚህ ቀደም ይህንን ወሰን እናልፋለን ያሉ ነበሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ቢትዎኪንግ የተባለ ፕሮጀክት ለ10,000 እርምጃ አንድ ዶላር ያህል በራሱ ዲጂታል ገንዘብ እሰጣለሁ ብሎ ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ ከእንግሊዝና ከጃፓን ጋር ጎረቤታችን ኬንያና ማላዊም መጀመሪያ ከሚገባባቸው አገሮች መካከል ተጠቅሰው ነበር። በዚያን ጊዜ በማላዊ ገጠር ለሚኖር ሰው በቀን አንድ ዶላር ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ይገባዎታል። ተስፋው ግን አልዘለቀም፤ ፕሮጀክቱም ከሰመ።

ሁለተኛው ዓይነት የእርስዎን መተግበሪያ የሚመስለው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ጫማ» የመግዛቱ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማልና። በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ስቴፕን የሚባል፣ መሥራቾቹና ድርጅቱ በስም የሚታወቁ፣ መነሻው አውስትራሊያ የሆነ መተግበሪያ ወጣ። ተጠቃሚው በመጀመሪያ በዲጂታል ገንዘብ የሚሸጥ የጫማ ሥዕል ይገዛል፤ ከዚያ ሲራመድ ወይም ሲሮጥ ጂ.ኤስ.ቲ. የሚባል ሳንቲም ይሰበስባል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ገበያው ሲግል ርካሹ ጫማ እንኳን ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ አንዱ ሳንቲምም ከ8 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ብዙ ሰው ወጪውን በጥቂት ሳምንት እመልሳለሁ ብሎ ገዛ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ግን ያው ሳንቲም ከ10 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። ድርጅቱ ደብዛው አልጠፋም፤ የቀነሰው በተለይ አዲስ ጫማ ገዢ መምጣቱ ነበር። ገንዘቡ ይመጣ የነበረው ከእርምጃ ሳይሆን ከአዲስ ገቢዎች እንደነበር የታወቀው ያኔ ነው። አድራሻው የታወቀ ድርጅት እንኳን እዚህ ላይ ከደረሰ፣ በቴሌግራም ሊንክ የመጣና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ግልባጩ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። (በዲጂታል ሳንቲም የሚከፍል ሌላ መተግበሪያ ነገ ቢቀርብልዎት ደግሞ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. እንዲህ ባለው ገንዘብ መገበያየት በአገራችን ሕጋዊ እንዳልሆነ ማስታወቁን ያስታውሱ፤ ለአቤቱታም የሚያስቸግር ነው።)

እስቲ የእርስዎን ጫማ ቁጭ ብለን እናስላው። በ1,200 ብር ተገዝቶ በቀን 60 ብር የሚያስገኝ ነገር በ20 ቀን ዋጋውን ይመልሳል። 4,800ውም በቀን 240 ስለሆነ ያው 20 ቀን ነው። አንድ ሺህ ሰው የመጀመሪያውን ጫማ ቢገዛ 1,200,000 ብር ይሰበሰባል፤ ለእነዚሁ ሰዎች በቀን 60,000 ብር መከፈል አለበት። በ20ኛው ቀን ካዝናው ባዶ ይሆናል፤ አዘጋጆቹ ለራሳቸው አንዲት ሳንቲም ባይወስዱ እንኳን ማለት ነው። በ21ኛው ቀን ክፍያው እንዲቀጥል ሌላ አንድ ሺህ አዲስ ሰው መግባት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለሁለት ሺህ ሰው የሚከፈል ስለሚሆን የሚያስፈልገው አዲስ ገቢ እያደገ ይሄዳል። ሰው ላስገባ የሚታሰበው ኮሚሽን የመጣው ከዚህ የተነሳ ነው። ሰው ያስገባ ሰው የሚሸለመው ለደግነት ሳይሆን፣ ያለ አዲስ ገቢ አሠራሩ አንድ ወር ስለማይቆም ነው።

ዕቁብዎን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በዕቁብ የሚወጣው የገባው ነው፤ አንድም ሰው ካዋጣው በላይ አይወስድም፤ ዳኛው ይታወቃል፣ ዕጣ የወጣለት ዋስ ይጠራል፣ የቀረ ሰው ቤቱ ድረስ ይኬዳል። በዚህኛው ግን ሁሉም ካስገባው በላይ ሊወስድ ቃል ተገብቶለታል፤ ዋስ የሚሆነውም የለም።

አንዳንድ ነገሮችን ደግሞ እርስዎ ብቻ ስለሚያውቋቸው ልጠይቅዎት። 180 ብሩ በቴሌብር ሲገባ በመልእክቱ ላይ የላኪው ስም የድርጅት ነበር ወይስ የግለሰብ? 4,800 ብሩን የላኩትስ ወደ ማን ስም ነው? የመጀመሪያው ጫማና ሁለተኛው ጫማ የተከፈሉበት ስም አንድ ነው ወይስ ይለያያል? ሥራ ላይ ያለ ድርጅት ገንዘብ የሚቀበለው በንግድ ስሙ ነው፤ በየጊዜው በሚለዋወጥ የግለሰብ ስም የሚቀበል ከሆነ ስሙ የተሰወረበት ምክንያት አለው። አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ ይሞክሩ፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ስልክዎን በእጅዎ ለጥቂት ደቂቃ ያወዛውዙት። ስልክ እርምጃ የሚቆጥረው በውስጡ ባለ እንቅስቃሴ መለኪያ ስለሆነ በመወዛወዝ ይታለላል፤ ስልክ እያወዛወዘ እርምጃ የሚያስቆጥር መሣሪያ ሳይቀር ይሸጣል። በዚህ የተነሳ በእርግጥ ለእርምጃ የሚከፍሉ ድርጅቶች ሰውየው መራመዱን በሌላ መንገድ ለማጣራት ይደክማሉ። የእርስዎ መተግበሪያ ተቀምጠው ያወዛወዙትን ሁሉ እንደ እርምጃ ቆጥሮ ብር ካስመዘገበ፣ ቀድሞውንም የመራመድዎ ነገር አላሳሰበውም ማለት ነው።

ቀጥሎ ስልክዎን እናስብ፤ በቴሌግራም ሊንክ የተጫነ መሆኑ ከገንዘቡ ባልተናነሰ ያሰጋኛልና። ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን መተግበሪያ ማን እንደሠራው አይታወቅም። መጀመሪያ የሚያስፈልግዎትን ማስረጃ ይሰብስቡ፦ የሒሳቡን ገጽ፣ 5,500 የሚጠይቀውን ጽሑፍ፣ ከአስተዳዳሪው ጋር የተጻጻፉትን ሁሉ ስክሪንሾት ያንሱ፤ የከፈሉባቸውን የቴሌብር መልእክቶች ከነግብይት ቁጥራቸው በወረቀት ላይ ይገልብጡ። ከዚያ ወደ ስልክዎ ሴቲንግ ገብተው መተግበሪያው ምን ምን ፈቃድ እንደተሰጠው ይመልከቱ። እርምጃ ለመቁጠር የእንቅስቃሴ ፈቃድ ይበቃል። አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ ካለው ከቴሌብርና ከባንክ የሚመጡልዎትን የማረጋገጫ ኮዶች ሊያይ ይችላል፤ የስልክ ማውጫ ፈቃድ ካለው የወዳጆችዎ ቁጥር ሁሉ በእጁ ነው። ፈቃዶቹን ዘግተው መተግበሪያውን ያጥፉት፤ ከዚያ በኋላ የቴሌብርዎንና የባንክዎን የሚስጥር ቁጥር ይቀይሩ። መታወቂያዎን ፎቶ አንስተው ልከውላቸው ከሆነም ይህንን ለባንክዎ መናገር ይበጃል።

ስለ አቤቱታው፣ ገንዘብዎ ይመለሳል ብዬ ቃል ልገባልዎት አልችልም። ሆኖም የግብይት ቁጥሮቹን ይዘው ለቴሌብር የደንበኞች አገልግሎት ያመልክቱ፤ በአካባቢዎ ፖሊስ ጣቢያም ቃልዎን ይስጡ። ለአንድ ሰው 6,000 ብር ትንሽ ቢመስልም በአንድ ስልክ ቁጥር ላይ የብዙ ሰው አቤቱታ ሲደራረብ ቁጥሩን ማገድ ይቻላል፤ ሌላ ሰው ከመግባቱ በፊት ማለት ነው። ከተቻለ ካስገቧቸው ሰዎች ጋር አብራችሁ ብትሄዱ ይመረጣል።

ይህም ወደ ሰባቱ እህቶች ያመጣናል፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት እንቅልፍ የነሳዎት በይበልጥ ይኸው ነው። «በሂደት ላይ ነው» የሚለው መልስ ዛሬ ያሳርፋል፤ ነገር ግን እነሱም የደረጃ ማሳደጊያ ተጠይቀው እርስዎን አምነው ሊከፍሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ ቅሬታቸው ከመተግበሪያው ይልቅ በእርስዎ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለሰባቱም ይንገሯቸው፤ በግሩፕ ከመጻፍ ይልቅ ለእያንዳንዷ ደውለው ቢያናግሩ ይሻላል። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «እህቴ፣ ያስገባሁሽ አምኜበት ነው፤ አሁን ግን ለማውጣት 5,500 ክፈይ ስላሉኝ ማጭበርበር መሆኑን ተረድቻለሁ፤ ከእንግዲህ ምንም እንዳትከፍዪ፣ ሌላ ሰውም እንዳታስገቢ፤ ከመተግበሪያው ጋር የተጻጻፍሽውን አስቀምጪና አብረን እናመልክት» ማለት ይበቃል። አንዷ ልትቆጣ ትችላለች፤ ትቆጣ። ቁጣው እውነቱን ቀድማ ከነገረቻት ሰው ጋር ሲሆን ይበርዳል፤ ከሸሸቻት ሰው ጋር ሲሆን ግን ማኅበርን እስከ ማፍረስ ይደርሳል።

ገንዘባቸውን ልመልስላቸው ወይ ብለው ሳያስቡ አልቀሩም ብዬ እገምታለሁ። ሁሉን ለመመለስ አቅም የለዎትም፤ ዕዳውም የእርስዎ ብቻ አይደለም። በእነሱ ምክንያት በኮሚሽን ተመዘገበልዎት የተባለው ገንዘብ በእጅዎ አልገባም። ከሰባቱ መካከል በእርግጥ የተቸገረች፣ የልጆቿን የቤት ኪራይ ያስገባች ካለች ግን እሷን በምን ልርዳ የሚለውን ለብቻው ቢያስቡበት ኅሊናዎን ያሳርፈዋል። ሌላ ሰው ማስገባቱን ደግሞ ዛሬ ያቁሙ። በአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከተከለከሉት ድርጊቶች አንዱ እንዲህ ያለው በሰው ማስገባት ላይ የቆመ የፒራሚድ ሽያጭ ነው፤ እርስዎን ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ካወቁ በኋላ መቀጠል ሳያውቁ ከመግባት የተለየ ስለሆነ ነው የምነግርዎት።

የእህትዎን ልጅ በተመለከተ ልብዎ ትክክል ይመስለኛል፤ ልጁ ተንኮል ያሰበ አይመስልም። ግን እሱስ ስንት አስገብቶ ይሆን? ስንት ጓደኞቹንስ አስገብቶ ይሆን? ሥራ ያጣ ወጣት እንዲህ ያለውን ነገር ሥራዬ ነው ብሎ ሲይዘው ተስፋውን ሁሉ ስለሚጥልበት፣ ማጭበርበር ነው ተብሎ በሰው ፊት ሲነገረው ለመከራከር ይነሳል። ቤትዎ ይጥሩት፤ ቡና አፍልተው ብቻችሁን ተቀመጡ። «አታለልከኝ» ብለው አይጀምሩ፤ የ20 ቀኑን ስሌት ወረቀት ላይ አብራችሁ ሥሩትና «በ21ኛው ቀን ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብለው እሱ ራሱ እንዲመልስ ይጠይቁት። የተማረ ልጅ ስለሆነ ስሌቱ ይገባዋል። ምናልባት ከእርስዎ ቀድሞ ጠርጥሮ፣ እርስዎን ስላስገባ አፍሮ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ያስገባቸውን እንዲነግር ያግዙት፤ ብቻውን አይተዉት።

ለባለቤትዎስ? ይህንን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። የዕቁቡ ገንዘብ እጅዎ ሲገባና አስተዳዳሪው «ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ምሥጢሩን ብቻውን የያዘ ሰው ለመክፈል ይቀርባል። ከወሩ መጨረሻ በፊት፣ ገና የዕቁቡ ብር ሳይመጣ ቢነግሩት፣ የሚነግሩት ስለ 6,000 ብር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ስለ 11,500 ሊሆን ይችላል። ቁጣውን የሚፈሩ ከሆነ የሚያከብሩትን አንድ የቤተሰብ ሰው አብሮ ማስቀመጥም ይቻላል። ለዕቁቡ ብር አስቀድሞ የታሰበለት ጉዳይ ካለ፣ በወጣበት ዕለት እዚያው ላይ ያውሉት።

መራመዱን ደግሞ በምንም ምክንያት እንዳያቆሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እርስዎ በየጠዋቱ የሚሄዱት መንገድ ይህንን የሚያሟላ ይመስለኛል። እርምጃ መቁጠር ካበረታታዎት፣ ከስልኩ ጋር የመጣ ወይም ከፕሌይ ስቶር በነፃ የሚገኝ፣ ብር የማይጠይቅና ብር የማይሰጥ መቁጠሪያ ይጠቀሙ። 10,000 ካልሞላሁ ብለውም አይጨነቁ፤ ይህ ቁጥር የታወቀው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለአንድ እርምጃ መቁጠሪያ መሣሪያ ሽያጭ ሲባል እንጂ ከሐኪም ትእዛዝ ተነስቶ አይደለም። ለስኳርዎ ምን ያህል እንደሚበቃ የሚነግርዎት ሐኪምዎ ነው። የምጠይቅዎት ነገር ግን አለ፦ ባለፉት ሦስት ወራት 6,000 እንዲሞላ ሲሉ ደክሞዎት ወይም ምግብ ሳይቀምሱ የተራመዱበት ቀን ነበር? ከነበረ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪምዎ ይንገሩት፤ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ስኳር ከመጠን በላይ የሚወርድበት ጊዜ ስለሚኖር መታወቅ ያለበት ነገር ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አቤቱታ ካቀረቡ ወይም በግሩፑ ውስጥ ቅሬታ ከጻፉ በኋላ፣ «የጠፋብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን»፣ «ከፖሊስ ነው የምንደውለው»፣ «ሀከር አለን» የሚሉ ሰዎች በቴሌግራም ወይም በስልክ ሊመጡ ይችላሉ፤ እነሱም ጥቂት የአገልግሎት ክፍያ አስቀድመው ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ የተታለለ ሰው ስም ዝርዝር ያላቸው ቀድሞ ያታለሉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ምንም ሳይከፍሉ፣ ምንም ኮድ ሳይነግሩ ይዝጉት፤ ቁጥሩንም ቃልዎን ለሰጡበት ፖሊስ ጣቢያ ያስመዝግቡ። ከእህቶችዎና ከልጁ ጋር የተነጋገሩት እንዴት እንደሆነ፣ የከበደዎት ቦታ ካለም፣ ቢጽፉልኝ እመልስልዎታለሁ።